አልቆረጥ ያለው ናሙና

ሆሳዕና ከተማ በምሠራበት ሆስፒታል ከታካሚ የተወሰደ የሥጋ ናሙና አቀዝቅዞ ለማይክሮስኮፕ የሚሆን ስስ ቁራጭ ማውጣት የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሥልጠናውን ስወስድ እንደ ዕድል ቆጥሬው ነበር። ባለቤቴ ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ልጃችንን ይዞ ከሄደ በኋላ ግን ያው ሙያ አሰረኝ። ዝውውር በጠየቅሁ ቁጥር ዳይሬክተሩ ተተኪ እስኪገኝ እንድታገስ ይነግረኛል። ተተኪ የሚፈልግ ሰው ግን አላየሁም።

ናሙናዋ አልቆረጥ ያለኝን ሴትዮ ያገኘኋት አንድ ቀን ጠዋት፣ ኦፕሬሽን ክፍሉ በር ላይ ነው። ከሾኔ የመጣች አስተማሪ ናት። ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት፣ ቀደም ብሎ በመርፌ የተወሰደው ናሙና ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠም። ስለዚህ ሐኪሞቹ እብጠቱን አውጥተው፣ እሷ በማደንዘዣ እንደተኛች እኛ እንድንመረምረው ወሰኑ። ካንሰር ከሆነ ጡቷ ይቆረጣል፤ ካልሆነ ተሰፍታ ትወጣለች። ነጩን ጋውኔን አይታ ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

"እንግዲህ ስነቃ የማገኘውን የምትወስኚው አንቺ ነሽ" አለችኝ።

ውሳኔው ቁራጩን በማይክሮስኮፕ አይተው በሽታውን የሚለዩት ሐኪም፣ የፓቶሎጂስቱ እንደሆነ፣ የእኔ ሥራ መቁረጥ ብቻ እንደሆነ አስረዳኋት። እሷ ግን እጆቼን ማየቷን አላቋረጠችም።

ክፍላችን መስኮት የለውም። መቁረጫው ማሽን፣ እኔና ፓቶሎጂስቱ ከገባን ሌላ ሰው መቆሚያ አያገኝም። ናሙናው እንደመጣ አቀዝቅዤ መቁረጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቁራጭ ተቦጫጭቆ ወጣ። እብጠቱን የከበበው ስብ አልጠነከረም፤ ስብ ከሌላው ሥጋ የበለጠ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ቅዝቃዜውን ጨምሬ ስንጠብቅ ስልኩ ጮኸ። ቀዶ ሐኪሙ ምን ላይ እንደደረስን ጠየቀ። ገና ነው አልኩት።

ስቡ ሲጠነክር ደግሞ ቁራጩ ይጠቀለል ጀመር። ቁራጩ እንዳይጠቀለል ምላጩ ላይ የምትደገፈውን መስታወት አስተካከልኩ። ቀጥሎ የወጣው ላይ ጭረት ስላየሁ ምላጩን ቀየርኩ። አዲሱ ምላጭ ሲነካው እብጠቱ ራሱ እንደ ደረቅ አፈር ተፈረፈረ። ለስቡ ብዬ የጨመርኩት ቅዝቃዜ ለእብጠቱ በዝቶ ነበር። በሞከርኩ ቁጥር ናሙናው እያለቀ ነው። ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ አላነሳሁትም።

ያን ጊዜ ጥዬ መውጣት ፈለግሁ። በሩ ከጀርባዬ ነው፣ አልተቆለፈም። ብወጣ ግን በእኔ ቦታ የሚቆም የለም፤ ሴትዮዋም ከግድግዳው ማዶ ጡቷ እንደተከፈተ ተኝታለች። ጣቶቼ በቅዝቃዜው ጓንት ውስጥ ደንዝዘው እዚያው ቆምኩ።

ፓቶሎጂስቱ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው።

"ከዚህ በላይ ከቆረጥሽው ቀናት ለሚወስደው ዋናው ምርመራ አይተርፈንም" አሉኝ። "ሰፍተው ያስወጧት ልበላቸው?"

"አንዴ ይታገሱኝ" አልኳቸው።

ናሙናውን አውጥቼ ስቡን ከዳር ከዳሩ ላጥሁለት። እንደገና አቀዘቀዝኩትና፣ ከመቁረጤ በፊት አውራ ጣቴን ላዩ ላይ ለአፍታ አሳረፍኩ፤ ትንሽ እንዲለዝብ ብዬ ነው። የማሽኑን እጀታ በቀስታ አዞርኩ። ቁራጩ ሳይቀደድ፣ ሳይጠቀለል ምላጩ ላይ ተዘረጋ። በስላይድ መስታወት አንስቼ፣ ቀለም ውስጥ ነክሬ ሰጠኋቸው።

ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው ብዙ ቆዩ። ከዚያ "ካንሰር አይደለም" ብለው ስልኩን ራሳቸው አነሱ። እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ሴትዮዋን የተኛችበት ክፍል ሄጄ ጠየቅኋት። ባሏ በሀዲይኛ አመሰገነኝ። እኔ የሀደሮ ልጅ ስለሆንኩ፣ ያደግሁትም በከምባትኛ ስለሆነ፣ ግማሹ አልገባኝም። እሷ በአማርኛ ልትተረጉምልኝ ጀምራ ማልቀስ መጣባት፤ ተቃቀፍን።

ወሬው ዳይሬክተሩ ጋ ደርሶ ኖሮ ኮሪደር ላይ አገኘኝና "እንግዲህ አንቺን ማን ይለቅሻል?" አለኝ። ለምስጋና ነው ያለው፤ አብረውት የነበሩት ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ሰኞ ዕለት ቢሮው ገባሁና፣ ተተኪ ከሌላ ቦታ እንደማልጠብቅ፣ ሁለት ባልደረቦቼን ራሴ እንደማሠለጥን ነገርኩት። ትንሽ አስቦ ተስማማ። ልጄ በስልክ መቼ እንደምመጣ ስትጠይቀኝ ሰዎች እያስተማርኩ ነው እላታለሁ። አሁንም ሆሳዕና ነኝ። አንደኛዋ ባልደረባዬ መቁረጥ ለምዳለች፤ ስብ ያለበት ናሙና ሲመጣ ግን እስካሁን እኔን ትጠራኛለች።