የጉና ብርድና የአጎቴ ባትሪ

ባሕር ዳር፣ ሲነጋጋ

መኪናዬ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። ይህን ቀይ ባትሪ ባለፈው ክረምት ስገዛ "ጥገና የሚባል አይፈልግም" ብለውኝ ነበር። ከሱ በፊት የነበረው ነጩ ውሃ እየጨመርኩለት አራት ዓመት አገልግሎኛል። ሳምንቱን ሙሉ የተማሪ ፈተና ሳርም ሰንብቼ ዓይኔ ቀልቷል። ቢሆንም መሄድ አለብኝ። ከክምር ድንጋይ ከተማ ወዲያ፣ ጉና ተራራ ሥር የሚኖሩት አጎቴ ጋሼ ዘለቀ የሶላር ባትሪያቸው ሞቶ በኩራዝ ማምሸት ከጀመሩ ቆይተዋል።

አንበሳሜ፣ ረፋድ

የገበያ ቀን ነው። አህያ፣ የጤፍ ጆንያ፣ ሽንኩርት፣ አቧራ። ሽሮ እየበላሁ አጠገቤ የተቀመጠውን የአይሱዙ ሾፌር የትኛው ባትሪ እንደሚበረክት ጠየቅሁት።

"ወንድሜ፣ ስሙን ተወው" አለኝ። "እኔ የተመረተበትን ቀን ነው የማየው። መደርደሪያ ላይ የከረመ ከሆነ ጥዬው እወጣለሁ።"

ደብረ ታቦር፣ ከሰዓት

ባለሱቋ ሁለት የሶላር ባትሪ አወጣችልኝ፤ አንዱ ቀላል፣ አንዱ ከባድ።

"ለቤት ከሆነ ከባዱን ውሰድ። ቀላሉ ዓመት ሳይሞላው መብራቱን ያደበዝዘዋል።"

"የመኪናዬስ? ቀዩ ነው ያለኝ።"

"ቆላ ላይ ደህና ነው። እዚህ ግን ብርዱን አይችልም፤ ብዙ ሰው መልሶልኛል።"

የተመረተበትን ቀን አይቼ ከባዱን ገዛሁ። የመኪናዬን ለመቀየር ግን ሰነፍኩ።

ጉና ሥር፣ በማግስቱ ጠዋት

ማታ ባትሪውን ገጠምንና ቤቱ በራ። ጋሼ ዘለቀ አምፖሉን እያዩ ብዙ ሳቁ። ሲነጋ ሜዳው ላይ ውርጭ ወርዷል። ልሰናበት ስል ጎረቤታቸው ደሴ ምጥ የያዛትን ሚስቱን እናኑን በቃሬዛ አሸክሞ መጣ። አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዷል።

ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ፣ ጠቅ ብሎ ዝም። መኪናዋ አውቶማቲክ ስለሆነች ተገፍታም አትነሳም። እናኑ ቃሬዛው ላይ ጥርሷን ነክሳለች።

ጋሼ ዘለቀ ወደ ቤት ገቡና አዲሱን ባትሪ ታቅፈው ወጡ።

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ገና ትናንት..."

"ዝም ብለህ ያዝልኝ!"

ከመኪናዋ ባትሪ ጋር በኬብል አገናኘነው። ሞተሩ አቃሰተ፣ አቃሰተና ተነሳ። ኬብሉን ስነቅል ጋሼ ባትሪውን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀመጡት። "መንገድ ላይ ብትጠፋብህስ? ይዘኸው ሂድ።"

ደብረ ታቦር፣ ሆስፒታል ደጅ

ቁልቁለቱን ሁሉ ሞተሩ እንዳይጠፋ እየለመንኩ ወረድኩ። ደሴ ከኋላ የሚስቱን እጅ ይዞ "ደረስን፣ ደረስን" ይላታል፤ ገና አልደረስንም ነበር። ከሰዓት በኋላ በቀዶ ሕክምና ወለደች። ለጋሼ ዘለቀ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ቻርጅ የሚያደርጉበት ባትሪ እኔ ጋ ነው።

ያን ሌሊት መኪናዋ ውስጥ ተኛሁ። ጠዋት ለመኪናዬ እንደ ቀድሞው ያለ አዲስ ነጭ ባትሪ ገዝቼ አስገጠምኩ። ወደ ባሕር ዳር መመለስ ሲገባኝ፣ ወገቤን እያሻሸሁ ዳገቱን እንደገና ተያያዝኩት።

ጉና ሥር፣ እንደገና

ጋሼ ዘለቀ ጋቢያቸውን ተከናንበው መንገድ ዳር ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም። መስኮቱን ሳወርድ ስለ ባትሪው አላነሱም።

"እንዴት ሆነች?"

"ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው።"

እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሞተሩን አጠፋሁና ወርጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።