ለእሜቴ የተከልነው ድንኳን

ልጅ እያለሁ ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በነበረው ግቢያችን ስድስት አባወራና አንዲት ኤሊ አብረን እንኖር ነበር። ኤሊዋ የእትዬ ጽጌ ነበረች። ሟች ባለቤታቸው ሹፌር ሳሉ ከአዋሽ መስመር በመኪና ጭነው አምጥተዋት፣ ኩራት ያለበትን አካሄዷን አይተው «እሜቴ» ብለው ሰየሟት። እሳቸው ካረፉ ወዲህ እትዬ ጽጌ ጠዋት ጠዋት ጎመን እየቆረሱ ሲያበሏት የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ያጫውቷት ነበር። ወሬ ሲያምረን እኛም ጠጋ ብለን እንሰማለን።

እትዬ ጽጌ የወለዱት ልጅ አልነበራቸውም። የግቢው ልጅ ሁሉ ግን የእሳቸው ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመጣ፣ ወላጆቻችን ከቢሮ እስኪመለሱ ድረስ፣ በር ላይ ቆመው የሚቀበሉን፣ የረጠበ ሹራባችንን አውልቀው ከሰሉ አጠገብ የሚያሰጡልን እሳቸው ናቸው። የእርጥብ ሱፍና የተጠበሰ በቆሎ ሽታ ሲቀላቀል ዛሬም አፍንጫዬ ያውቀዋል።

አንድ ዓመት ነሐሴ ጨከነብን። ፀሐይ ከጠፋች ሰንብታ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት እሜቴ ከአጥሩ ሥር ጭንቅላቷን ወደ ውስጥ ሰብስባ፣ እንደ ቧንቧ ውኃ ቀዝቅዛ ተገኘች። እትዬ ጽጌ ገልበጥ አድርገው አዩዋት፣ ጠሯት፣ ጎመን አቀረቡላት። ምንም የለም። አላለቀሱም። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና «ወንድሜ ደብረ ብርሃን ነይ ነይ ሲለኝ፣ እሷን ለማን ጥዬ እያልኩ ነው የቀረሁት። እንግዲህ ምን ያስቀምጠኛል?» አሉ። እናቴ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እኮ እትዬ» ብትላቸውም ሐሳባቸውን አልቀየሩም።

እኔና ከድር ተያየን። ከድር የጎረቤታችን ልጅና የማልለየው ጓደኛዬ ነው። እትዬ ጽጌ ከሄዱ ቤታችን ምን ሊሆን ነው? መላው የመጣው ለከድር ነው። «ድንኳን ሳይነሳ ሐዘንተኛ ከቤቱ ሲወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አይቼ አላውቅም። እንግዲያው ድንኳን እንተክላለን፤ ድንኳኑ እስካለ እትዬ ጽጌ የትም አይሄዱም። አሮጌ ሸራ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ጣልን፣ ዱካ ደረደርን። የዚያን ቀን ቤት የዋሉት የከድር እናት ሳቃቸውን አፍነው ንፍሮ ቀቀሉልን። ከድር የዘይት ጠርሙስ አንገት ቆርጦ እንደ እድር ለፋፊ ጥሩንባ ነፋ። እትዬ ጽጌም ሳይወዱ በግድ እየሳቁ መጥተው ከሸራው ሥር ተቀመጡ። የእሜቴ መቀበሪያ ጉድጓድም ተቆፍሮ አልቆ ነበር።

ጥሩንባውን ሰምተው የመጡት ቲቸር ብርሃኑ ናቸው። ሳይንስ ያስተማሩን፣ ከኛ በታች ባለው መንደር የሚኖሩ ሰው ናቸው። ይስቁብናል ብዬ ስሸማቀቅ ባርኔጣቸውን አውልቀው «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አሉና ዱካው ላይ ተቀመጡ። ንፍሮውንም ቀመሱ። ለትልቅ ሰው ልቅሶ እንደሚደረገው ጥቂት አብረውን ከተቀመጡ በኋላ «እትዬ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ሟቿን ልያት» አሉ። የኋላ እግሯን በጣታቸው ይዘው ቀስ ብለው ሳቡ። እግሩ፣ በጣም በዝግታ፣ ወደ ውስጥ ተመለሰ።

«እስቲ ቀብሩ ይቆየን» አሉ።

ከዚያ ወደኛ ዞረው ኤሊ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ጠየቁን። «ገበሎ አስተኔ!» አልን እኔና ከድር እኩል። ዓመቱን ሙሉ አጥቢ፣ አእዋፍ፣ ገበሎ አስተኔ፣ እንቁራሪት አስተኔ፣ ዓሣ እያልን እንደ ዳዊት ስንደግም ከርመን የለ? ምን ማለት እንደሆነ ግን ማን ጠይቆ። ቲቸር የግቢውን ድመት አንስተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ሆዷ ይሞቃል። በብርድ ላባዋን ነፍታ የተኮማተረችውን ዶሮ ይዘው የከድርን እጅ ከክንፏ ሥር አስገቡት፤ እሱም ይሞቃል። «እነዚህ እሳታቸውን በሆዳቸው ይዘው ነው የሚዞሩት» አሉ። «እሜቴ ግን ሙቀቷ ከውጭ ነው የሚመጣላት። ፀሐይ ስትጠፋባት ሰውነቷ ሥራ ያቆማል።»

«ካልነቃችስ?» አሉ እትዬ ጽጌ።

«ካልነቃች ድንኳኑ እንደተተከለ ነው።»

እሜቴን ጆንያ በተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ አድርገን ሙቀቱ በልኩ እንዲደርሳት ከእትዬ ጽጌ ከሰል ትንሽ ራቅ አድርገን አስቀመጥናት። ቲቸር ሄዱ፤ እኛ ካርቶኑን ከበን ቀረን። ወላጆቻችን ከሥራ ሊመለሱ ሲሉ ካርቶኑ ውስጥ የመቧጠጥ ድምፅ ሰማን። ያ የተጨማደደ አንገት ብቅ አለ። እትዬ ጽጌ አጎንብሰው «አንቺ፣ ንፍሮሽን እኮ በልተን ጨረስን» አሏትና ያን ጊዜ ገና እንባቸው መጣ።

ደብረ ብርሃንም ሳይሄዱ ቀሩ። እኔ አሥራ ሁለተኛን እስክጨርስ ድረስ በዚያው በር ላይ ነበሩ።

ዛሬ ግቢው ፈርሶ በቦታው ፎቅ ቆሟል፤ እኔም ኮንዶሚኒየም ገብቻለሁ። ልጄ የእንስሳቱን ወገን ሁሉ ከስልክ ላይ አጥንታ ከነፎቷቸው ትነግረኛለች፤ ጎበዝ ናት፣ አላማትም። እኔ ግን የልጆች ልቅሶ ብለው ሳይንቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው የተቀመጡትን ሰው ሳላመሰግን የማድርበት ቀን ጥቂት ነው። የዚያን ቀን አልፈው ቢሄዱ ኖሮ ከኤሊዋ ጋር ብዙ ነገር እንቀብር ነበር። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ የቤቱን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው። እኔ ልጅነቴን ሙሉ ቁልፍ ይዤ አላውቅም።