ሳላስበው የዋጥኋት ጉንጭ ውሃ

ፊቴን በታጠብሁ ቁጥር ዛሬም ከንፈሬን አጥብቄ እዘጋለሁ። ምክንያቱን ልነግርህ እችላለሁ፤ ዝርዝሩን ግን ሳልሳሳት አስታውሳለሁ ብዬ አልምልም። ወሩን ረስቼዋለሁ፤ በዓይኔ የሚመጣው ጭጋግም የሌላ ቀን ይሆናል።

በሐይቅ ዳር ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን በድቁና አገለግል ነበር። አንድ እሑድ ማለዳ ከቅዳሴ በፊት፣ ደንገል ደንገል የሚሸተውን ውሃ ፊቴ ላይ ስረጭ አንድ ጉንጭ ሳላስበው ዋጥሁ። ውሃ የቀመሰ ዲያቆን አይቀድስም። ያለ እኔ ደግሞ ልኡካኑ አምስት አይሞሉም፤ ካልሞሉም ቅዳሴ የለም። ከአምባሰል የወረደች እናት ሰማንያ ቀን የሞላትን ልጇን ልታስጠምቅና ልታስቆርብ ዛፉ ሥር ተቀምጣለች።

ማንም አላየኝም እያልሁ ግቢውን ዞርሁት። ልብሰ ተክህኖዬን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥሁ። ደወሉ ተሰማ። በመጨረሻ ሄጄ ለመምህሬ ተናገርሁ።

«እስካሁን ማንን ፈርተህ ዝም አልህ?»

«እርስዎን፣ የኔታ።»

«ደግ አደረግህ፤ ዱላዬን ታውቀዋለህ። አሁን ስትናገርስ ማንን ፈራህ?»

እስከዚያ ቀን ፈሪሃ እግዚአብሔርን የማውቀው ከእሳትና ከቅጣት ጋር ነበር። ያን ማለዳ ያስጨነቀኝ ግን ቅጣቱ አልነበረም፤ የሚወደኝን አምላክ ጽዋው ፊት ቆሜ ላታልል መሆኔ ነበር።

ከጎረቤት ደብር ሌላ ዲያቆን እስኪመጣ ፀሐይ ከፍ አለች። ሕፃኗ ታለቅሳለች። እናቲቱ አየችኝና «አብሽር፣ ወንድሜ! ይቺ የምትጮኸው ጡት ፈልጋ እንጂ አንተን ተቀይማ አይደለም» አለችኝ።

ቅዳሴው ሲጀመር ከደጅ ብቻዬን ቆምሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው የምጠራጠረው። ከልኡካኑ ባይሆኑም ሊቆርቡ የተዘጋጁት የኔታ በቅል ውሃ ሲጎነጩ፣ «እንግዲህ እኔም ውሃ ቀምሻለሁ» ብለው መቋሚያቸውን ተደግፈው አጠገቤ ሲቆሙ ይታየኛል። ቅዳሴው እስኪያልቅም ከአጠገቤ አልሄዱም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ትውስታ ሰውን እንዴት እንደሚሸነግል ከተማርሁ ወዲህ፣ ይህን የፈጠረው እሳቸው ካረፉ በኋላ ያደረብኝ ናፍቆት ይሆን እያልሁ ብዙ ሌሊት ተገላብጫለሁ።

ባለፈው ዓመት እናቲቱን ሐይቅ ከተማ ገበያ አግኝቼ፣ የኔታ ያን ዕለት በቅል ውሃ ጠጥተው እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ቅል ከየት መጥቶ!» አለችኝ። «በጣሳ ነው። ለመንገዴ ከያዝሁት ውሃ ቀድቼ ያቀበልኋቸው እኔ ነኝ።»