ለየኔታ የጨመርኩት ዓይን

ትናንት ከሰዓት እንጦጦ ራጉኤል ግቢ የሠራሁትን ሥራ በሆዴ ይዤ መቀመጥ አቃተኝ... እናንተው ፍረዱኝ።

የኔታ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህሬ፣ ዓይናቸው እየደከመ ነው። ከሰሞኑ አንድ ፈረንጅ ሰዓሊ መጥቶ፣ ሰው ሲያነብ መሳል እወዳለሁ ብሎ በአስተርጓሚው አስጠየቃቸው። ደስ አላቸው። «መንዝ ለተዳረችው ልጄ ይላክላት። አባቴ እንዲህ ያነብ ነበር ትበል» አሉና ዳዊታቸውን ይዘው ከግቢው ጥድ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሦስት ቀን ሙሉ!

ትናንት ሥዕሉ አለቀ። ፈረንጁ ብሩሹን ሊያጥብ ከግቢው በታች ወዳለው ምንጭ ወረደ፣ የኔታም ለጸሎት ገቡ። እኔ ጠጋ ብዬ ወረቀቱን ባየው... ደሜ ፈላ። በጎን ነው የሳላቸው። አንድ ዓይን ብቻ!

እኔም እኮ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነኝ። በእኛ ሥርዓት ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሳላል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው። ታዲያ የኔታ እንደ ይሁዳ ሆነው መንዝ ሊገቡ? እኔ ቆሜ እያለሁ? ቀለሜን አምጥቼ ሁለተኛውን ዓይን ጨመርኩላቸው። ከአፍንጫቸው ማዶ ቦታ ስላልነበረ ጉንጫቸው ላይ አረፈ... ትልቅ፣ ክብ ዓይን።

ፈረንጁ ተመልሶ ሲያየው አልጮኸም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። አስተርጓሚው፣ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ስለገባ አይለቅም፣ እሱም ሲነጋ ወደ ሐረር ስለሚነሣ ሌላ መሳያ ጊዜ የለውም አለኝ።

የኔታ ወጡ። ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ ቢያስጠጉትም ጥርት ብሎ አልታያቸውም።

«ልጄ፣ ሳነብ እመስላለሁ?»

«ይመስላሉ፣ የኔታ።»

«ዓይኔስ?»

«ሁለቱም ደህና ናቸው» አልኩ፣ ደስ ይበላቸው ብዬ።

ወረቀቱን ከፊታቸው ዝቅ አደረጉት።

«ሁለቱም? ግራው ከጨለመ እኮ ዓመት አለፈው፣ አፍሬ ለሰው አልተናገርኩም እንጂ። በሚያየው ዓይኔ በኩል ብቻ ሳለኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ።»

እኔ ነኝ ያበላሸሁት ማለት ሲገባኝ፣ ቀለም የነካ እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ። እሳቸውም አልጠየቁኝም። ወረቀቱን አጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ ከተቱትና ግድግዳ ግድግዳውን እየዳሰሱ ሄዱ።

ከእንግዲህ ራስህን ሳል የሚለኝ ቢመጣ፣ በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው የምስለው።