ሦስተኛው ቀለህ

የአደን ጠመንጃ ይዞ ወደ ጠመንጃ ሠሪው ቤት የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሠሪውን ሳይሆን ሚስቱን ነው። ደጃፉ ላይ ትቀበለዋለች። አፈሙዙን ወደ ግንቡ ታዞራለች፣ መዝጊያውን ስባ ትከፍታለች፣ ጎንበስ ብላ ጥይት መጉረሻውን ታያለች። ማየቱም አይበቃትም፤ ትንሿን ጣቷን ከትታ ትዳስሰዋለች። ያን ጊዜ ነው "ግባ፣ ግባ፣ ምን በር ላይ ያቆምሃል" የምትለው።

"ባዶ ነው እኮ እትዬ! እኔ ላንቺ እዋሻለሁ?" ይላታል የቆየ ደንበኛቸው ባለ ጋራዡ በመጣ ቁጥር።

"አትዋሽም፤ ትረሳለህ እንጂ። ባለፈው መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰክተህ ቤቱን ሁሉ ስታስፈትሸን አልነበር?"

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በመንገዱ በኩል ያለው ሱቅ ነው፤ መስኮቱ ሥር የሥራ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሞርሳ፣ ግድግዳው ላይ እንደ ቁመታቸው የተሰለፉ ሞረዶችና ካቻቢቴዎች። ከበስተኋላ መኝታው ነው። ባልየው ይፈታል፣ ይሞርዳል፣ ይገጥማል። እሷ ትቀበላለች፣ ትወለውላለች፣ ከመደርደሪያ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ መደርደሪያ ትሸከማለች። በዚህ ሥራ ልጅ አሳድገው ድረዋል። እሷን ሠሪ ያላት ሰው ግን የለም፤ እሷም ራሷን ብላ አታውቅም። ጨርቅ የያዘች ሴት ሁሉ ባለሙያ ከተባለች ማን ሊቀር ነው ብላ ታልፈዋለች።

የጨርቁ ነገር ግን ቀልድ አልነበረም። አንዱን ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ የሚጎርሰውን፣ አውቶማቲክ የሚሉትን ጠመንጃ ዘይት አጠጥቶ የሚያመጣ ደንበኛ ሲገጥማት ፊቷ ይጠቁራል። "ምን አድርጎህ ነው እንዲህ የምታሰቃየው?" ትለዋለች። ዘይት ሲበዛ የባሩዱ ጥላሸትና አቧራው አብረው ይጋገሩና ውስጡ ጭቃ ይሆናል፤ ማለዳ ሲበርድ ደግሞ ይረጋል። እሷ ቆሻሻውን ጠርጋ፣ አድርቃ፣ የሚንሸራተተውን ብረት ብቻ ዘይት በነካው ጣቷ ዳሰስ ታደርገዋለች። ከዚያ የዳሰሰችውንም በንጹሕ ጨርቅ መልሳ ታብሰዋለች። ዝናብ የነካውን ጠመንጃ በቆዳ ልባሱ ውስጥ አታሳድርም። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፤ የተበላሸውን ስትጠርግ ነው ያወቀችው።

ቤቱ አንድ ሕግ ነበረው። የተጠገነ አውቶማቲክ ከቤቱ ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ሦስት ጥይት በተከታታይ ሳይተኩስ ለባለቤቱ አይሰጥም። "አንድ ተኩሶ ደህና ነው ማለት በር አንኳኩቶ ቤቱን አየሁት ማለት ነው" ይላል ባልየው። የመጀመሪያው መተኮሱን ያሳያል። ሁለተኛው ራሱ መጉረሱን። ሦስተኛው ደግሞ ሁለተኛው በዕድል እንዳልሆነ። የሦስተኛው ጥይት ባዶ ቀለህ ከመሬት ተነሥቶ በተኳሹ እጅ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ የቤቱ ቃል ማለት ነው። አንዳንዱ አዳኝ የቁልፍ መያዣ ያደርገዋል። የሚተኩሰው ሁልጊዜ ባልየው ነበር። እሷ ከሃያ ዓመት በላይ ጠመንጃ ስታቅፍ ኖራ ቃታ ስባ አታውቅም።

የዳክዬ አደን ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ባልየው የጣሪያ ቆርቆሮ ሊመታ ወጥቶ ወደቀ። ቀኝ ትከሻው ተሰበረ። ሥራቸው ያለቀ፣ ነገር ግን ያልተተኮሱ ጠመንጃዎች መደርደሪያው ላይ ተደርድረው ቀሩ።

"ዘንድሮ እንዝጋ" አለ ክንዱ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። "ሰዎቹ ይምጡና ይውሰዱ። እዚያ አዲስ የተከፈተው የጠመንጃ ሱቅ ያስተኩሱት።"

አደን ሲከፈት የተዘጋ ሱቅ ተመልሶ እንደማይከፈት ሁለቱም ያውቃሉ። እሱ ያለዚያ ጠረጴዛ ምን እንደሚሆን ደግሞ የምታውቀው እሷ ናት፤ በወደቀ በሳምንቱ ምግብ ሲገፋ አይታዋለች።

በማግስቱ ባለ ጋራዡ እንደ ልማዱ ሳይቀልድ ገባ። የቁልፍ መያዣውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ከቁልፎቹ ጋር ከወራት በፊት ባልየው የሰጠው ቀለህ ተንጠልጥሏል።

"ይኸው ቃላችሁ! ትናንት ልምምድ ላይ በጓደኞቼ ፊት አዋረደኝ። አንድ ይተኩስና ቀጥ! ሁለተኛውን በእጄ ሳቀባብል ዋልኩ። አዝናለሁ እትዬ፣ ወደ አዲሱ ሱቅ ልወስደው ነው። ሌሎቹም ጠመንጃቸውን ሊወስዱ እየመጡ ነው።"

በመኝታ ቤቱ በኩል አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ።

"አምጣው እስቲ" አለችው።

እንደ ወትሮው ከፈተችው፣ አየችው፣ ዳሰሰችው። ባዶ ነው። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ልትወስደው አንሥታው ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች።

"ይሄ ጠመንጃ ወፍሯል" አለች።

"ምን?"

"ከዚህ ሲወጣ እንዲህ አይከብድም ነበር። ምን ጨመርክበት?"

ባለ ጋራዡ ንዴቱን ረስቶ ደረቱን ነፋ። "አማቼ ያመጣልኝ ነው! ሰደፉ ላይ የጥይት ኪስ፣ ጥይት የሞላ። ከአፈሙዙ ሥር ደግሞ ባትሪ። ባትሪውን አብርተሽ እይው፤ የመኪና መብራት ነው የሚመስለው።"

"አማችህ ይባረክ። ጠመንጃህን አንቆ የያዘው ግን እሱ ነው።"

ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ በጣቷ እያሳየች ነገረችው። ይሄኛው ዓይነት የሚሠራው በራሱ ርግጫ ነው። ሲተኮስ ወደ ኋላ ይራገጣል፤ ውስጥ ያለው ከባድ ብረት ባለበት ይቀርና ሞላውን ይጫነዋል፤ ሞላው መልሶ ሲፈናጠር መዝጊያው ይከፈታል፣ ቀለሁ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። ክብደት ሲጫንበት ባሩዷ ትንሽ በሆነች የዳክዬ ጥይት መራገጥ ያቅተዋል።

"እና ይህን በእጅሽ መዝነሽ አወቅሽ? ሚዛን ነሽ?"

"የእናንተን ጠመንጃ ስሸከም አይደል የኖርኩት? የእያንዳንዳችሁን እጄ ያውቀዋል።"

"በአፍማ ሁሉም ይጠግናል" አለ ባለ ጋራዡ። "ሕጋችሁ ሦስት ጥይት ነው። ማን ሊተኩሰው ነው?"

ለምን እንደሆነ ሳታውቀው "እኔ" አለች።

ከከተማው ጫፍ፣ ድንጋይ ተቆርጦ ያለቀበት ጉድጓድ አለ፤ ጠመንጃ የሚፈተሸው እዚያ ነው። ጠመንጃቸውን ሊወስዱ የመጡት አዳኞች ሁሉ ተከትለው መጡ። ባልየውም አልቀርም ብሎ በጋራዡ መኪና መጣ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

ባትሪውንና ኪሱን ፈታች። ጆሮዋን ደፈነች። ሦስት ጥይት አጎረሰች፤ አፈሙዙን ወደ ጉድጓዱ ገደል አድርጋ ቃታውን ሳበች።

ጠመንጃው ጮኸ። ሁለተኛውን ስትስብ ግን ቀጭ ብሎ ቀረ።

"ኧረ እትዬ!" አለ አንዱ። ሳቁ ከገደሉ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ።

"ታዲያ የአማቼ ባትሪ የታለ አሁን?" አለ ባለ ጋራዡ ዙሪያውን እያየ። "ተፈቶ መሬት ላይ ነው! የሠሪው ሥራ ነው እንጂ!"

ፊቷ ጋለ። ባሏን አየችው። እሱ ሰዎቹን አላየም፤ እግሯን ነበር የሚያየው። እሷም ወደ እግሯ አየች። ቀኝ እግሯ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ተረከዟ ላይ ወደ ኋላ አዘንብላለች። ጠመንጃው ሲራገጥ አብራው ሄዳለች። ሞላው የሚፈናጠረው ጠመንጃው ትከሻ ገጭቶ ሲቆም ነው፤ መደገፊያ አጥቶ እንዴት ይሥራ?

አልተጣደፈችም። አፈሙዙን ከገደሉ ሳታነሣ የቀሩትን ጥይቶች አወጣች፣ ከፈተች፣ አየች፣ በጣቷ ዳሰሰች።

"ጠመንጃው አላጠፋም" አለች ሁሉም እንዲሰማ። "እኔ ነኝ የሸሸሁት። ፈርቼ ነው።"

ሳቁ ቆመ። እንዲህ ብሎ የሚናገር አዳኝ በመካከላቸው አልነበረም፤ ሁልጊዜ ጥፋቱ የጥይቱ ነው፣ ወይ የነፋሱ፣ ወይ የዳክዬዋ።

እንደገና ሦስት አጎረሰች። ግራ እግሯን ወደ ፊት አስቀደመች፣ ሰደፉን ትከሻዋ ላይ አጥብቃ ሰካች፣ ጉንጯን አስጠጋች። ዱቄት የሞላ ጆንያ ከሰው ጀርባ ስትቀበል እንደምትቆመው ቆመች። ስትተኩስ ሦስቱ ድምፆች አንድ ላይ የተያያዙ ይመስሉ ነበር። ሦስቱ ቀለሆች በስተቀኟ አንድ ቦታ ላይ ወደቁ።

ማጨብጨብ የጀመሩትን በእጇ ዝም አሰኘቻቸው። ኪሱንና ባትሪውን ራሷ መልሳ አሰረች፤ በዚያው አቋቋም፣ በዚያው ጥይት ተኮሰች። አንድ ጮኸ፣ ሁለተኛው ቀጭ። የቀሩትን ጥይቶች አውጥታ መልሳ ዳሰሰችው።

ባለ ጋራዡ ጎንበስ ብሎ ባትሪውን አየው። "እንግዲህ ለአማቼ ምን ልበለው?" አለ።

"መኪናህ ላይ ግጠመው። የመኪና መብራት ይመስላል አላልክም?"

ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ራሱ ነበር።

እሷ ጎንበስ ብላ ከሦስቱ ቀለሆች በመጨረሻ የወደቀውን፣ ሦስተኛውን አነሣች። እንደ ልማዷ ወደ ባሏ ወስዳ ሰጠችው፤ እስከዛሬ ሰጪው እሱ ነበርና። ባልየው በግራ እጁ ተቀበላት፣ አገላብጦ አየው፣ መዳፏን ከፍቶ መልሶ አስቀመጠላት።

"የተኮሰው ነው የሚሰጠው" አለ።

ለባለ ጋራዡ ሰጠችው። አሮጌውን ከቁልፍ መያዣው አውጥቶ አዲሱን እዚያው ቆሞ አንጠለጠለ። ሊወስዱ ከመጡት አንዳቸውም ጠመንጃዬን መልሱልኝ አላሉም፤ "የኔስ መቼ ይተኮሳል?" አሉ እንጂ።

በማግስቱ ትከሻዋ እንደ በሰለ ወይን ጠቁሮ ነበር። ባልየው በጠዋት ተነሥቶ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብሎ በግራ እጁ ዳቦ ይበላል። አየት አደረገችውና ከመደርደሪያው ጠመንጃዎቹን እያነሣች ወደ ጉድጓዱ ለሚወስዳቸው ለባለ ጋራዡ መኪና ማዘጋጀት ጀመረች። እያንዳንዱን ከፈተች፣ አየች፣ ዳሰሰች፤ ከዚያ ትንሽ በእጇ መዘን አደረገችው።

"አይከብድሽም?" አላት።

"ኧረ በልኩ ነው" አለች፤ የሚቀጥለውን አነሣች።