ወንድሜ እምቢ ያለው ኢንሹራንስ

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ መረጋጋት አልቻልኩም። ጭድ ተራ አጠገብ ያለውን የስፖንጅ ፍራሽ መጋዘናችንን ቆልፌ ሲኒማ ራስ እደርሳለሁ፤ ታክሲ ሳልይዝ እመለሳለሁ። መብራቱን አጥፍቻለሁ? አጥፍቻለሁ። ግን ስፖንጅ ነው። እሳት ከነካው የሚተርፍ የለም።

ድርጅቱ የወንድሜና የሸሪኩ የጋሼ ነበር። ጋሼ የጎጃም ሰው ናቸው፣ ክርስቲያን። እኛ ሙስሊሞች ነን። ወንድሜ ኢንሹራንስ አልገባም አለ። ወለድ አለበት፣ ውርርድም ነው ይል ነበር። ጋሼ አልተከራከሩትም። ዓመታት እንዲሁ ሠሩ።

አሁን የእሱ ድርሻ የቤተሰቡ ሆነ፣ ውክልናው እኔ ጋ ነው። ጋሼ ለእሱ ሲሉ በስጋት የኖሩ መሰለኝ። አንድ ጠዋት ደፈርኩ።

"ጋሼ፣ እንግዲህ እሱ የለም። ደስ ያለዎትን ኢንሹራንስ ይግቡ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ወንድምህ ስለሞተ ድርጅቱ ክርስትና ተነሳ?"

ጫኞቹ ሳቁ። እኔ አፈርኩ።

"ተካፉል የሚባለው መጥቷል፤ እስላማዊው" አሉ። "ሰው ጠርቻለሁ።"

ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት የኢንሹራንስ ሠራተኛ መጣች። አባላቱ ለመረዳዳት ብለው ያዋጣሉ፤ ጉዳት የደረሰበት ከዚያ ይካሳል፤ ኩባንያው የሥራውን ክፍያ ይወስዳል፤ የተረፈው በውሉ መሠረት ለአባላቱ ይመለሳል አለችን።

"ይሄማ እድር ነው" አሉ ጋሼ።

"እድር ድንኳን ነው የሚተክለው፣ ጋሼ። እኛ መጋዘን ነው የምንተካው" አለች።

"እኔን የተረፈው መመለሱ ነው የሳበኝ። እሱን ደግሞ ሃይማኖቱ። ለአንድ ድርጅት ሁለት ምክንያት አይበዛም።"

'እሱን' ሲሉ፣ ወንድሜ ያለ ነው የሚመስለው። ወረቀቱን ተቀብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድሜ የሚጠይቀውን ጠየቅኩ።

"የምናዋጣው ብር ወለድ ላይ ይውላል?"

"አይውልም። ሂሳቡም ለብቻው ነው የሚያዘው።"

በእሱ ቦታ ፈረምኩ።

"ሽፋኑ ከነገ ይጀምራል" አለች፣ "መጋዘኑ በባለሙያ ከታየ በኋላ።"

"ዛሬስ?" አልኩ።

ጋሼ ወንበር ሳቡልኝ። "ቁጭ በል እስቲ" አሉ። ቁጭ አልኩ። ብዙም ሳልቆይ ማብሪያ ማጥፊያውን ለማየት ተነሳሁ።