ጊዜው ባለፈ ፊልም የተነሱት ገበሬ

አራዳ የሚገኝ አንድ አሮጌ ፎቶ ቤት ሲዘጋ፣ ባለቤቱ የተረፈ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሰጡኝ። "ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ ብዙ እንዳትጠብቅበት" አሉኝ። እኔ ግን ያን ሰሞን በስልክ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ያሳዝነኝ ነበር። የአባቴን ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በሚኒባስ ከእኛ ብዙ ወደማይርቀው የደጋ ከተማ፣ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጣሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ገብስ የሚያጭዱ አንድ አዛውንት አገኘሁ። ላነሳቸው ፈቃድ ስጠይቅ "ቆየኝማ" ብለው ወደ ቤት ገቡ። ብዙ ቆይተው ፊታቸውን ታጥበው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ፈረሳቸውን እየሳቡ መጡ። እኔ የፈለግሁት ግን ያንን አልነበረም።

"አያ፣ ቅድም የለበሱት የተቀደደው ኮት ይሻል ነበር" አልኳቸው።

"ምነው ልጄ፣ ምን በደልሁህ?"

አፈርኩና በጋቢያቸው አነሳኋቸው። ወዲያው "እስቲ አሳየኝ" አሉ።

"አሁን አይታይም። መጀመሪያ መታጠብ አለበት።"

"ታጥቤ መጣሁ እኮ።"

ፊልሙን ያጠቡልኝ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ከጥቅሉ ሁሉ የተረፈችው አንዲት ፎቶ ብቻ ነበረች። በእሷም ላይ ፈረሱ ደህና ይታያል፤ ሰውዬው ግራጫ ጥላ ሆነዋል። ልጥላት ስል አንድ መምህር ጓደኛዬ አይቶ "ይሄማ ጥበብ ነው" አለ። አሳድገን አንድ ካፌ ውስጥ ሰቀልናት። አንድ ወጣት ከፊቷ ረጅም ጊዜ ቆሞ፣ ጭጋጉ የደጋው ሰው ነፍስ እንደሆነ አስረዳኝ። "አስቤበት ነው" አልኩት፤ ፊቴም አልቀላም።

ለገበሬው አንድ ቅጂ ቃል ገብቼ ስለነበር ይዤላቸው ሄድኩ። አራቁት፣ አቀረቡት፣ ከዚያ ባለቤታቸውን ጠሩ።

"ፈረሳችን ነው" አሉ ሴትየዋ። "ከጎኑ ያለው ጭስ ምንድን ነው?"

ሰውዬው ወደ እኔ ዞሩ። "ያን ቀን ጭጋግ ነበር እንዴ?"

"አልነበረም፣ አያ።"

"ፀሐይ ነበር። እኔም ቆሜ ነበርሁ።"

ስልኬን አወጣሁና፣ ጋቢያቸውን እስኪደርቡ ጠብቄ፣ ሁለቱንም ከነፈረሳቸው በቀለም አነሳኋቸው። እዚያው አሳየኋቸው። ሴትየዋ ነጠላቸውን አስተካክለው እንደገና እንዳነሳቸው ጠየቁኝ፤ አነሳኋቸው።

"ይሄ ሸጋ ካሜራ ነው" አሉ ሰውዬው ሲሸኙኝ። "ይሄ እያለህ ነው ያን ሁሉ የደከምኸው?"